ይሰማል፤ ላልቶም ጠብቆም

እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በድምፅ ሥራው ከሁሉ ልቆ የተገኘውን ፊልም ሲሸልም፣ ኦስካሩን ይዞ የሄደው «ኧርዝክዌክ» ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ይህ ፊልም የታየው «ሴንሰራውንድ» በተባለ ዘዴ ነው። በሲኒማ ቤቱ ውስጥ ግዙፍ የድምፅ ማጉያዎች ይተከላሉ፤ በሸራው ላይ ምድር ስትናጥ እነሱም ተመልካቹ ከወንበሩ ሥር፣ ከሆዱም ውስጥ እስኪሰማው ድረስ ያጓራሉ። በዚያ ምሽት ከተሸነፉት አንዱ ደግሞ ድምፁ ሞኖ የሆነ፣ ሙዚቃው ከአንዲት ፒያኖ ብዙም የማያልፍ፣ በ1974 የወጣ ፊልም ነበር፤ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን»። በአማርኛ «ጭውውቱ» ብንለው ያስኬዳል። ዛሬ «ኧርዝክዌክ»ን ለድምፁ ሲል ፈልጎ የሚያይ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። «ጭውውቱ»ን ግን ዋና ተዋናዩ ጂን ሃክማን በ2025 ካረፈ ወዲህ ብቻ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ የያዘኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ፊልም አታሎናል ወይስ አላታለለንም? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። መጨረሻውንም ጭምር መንገሬ ስለማይቀር፣ ሳያዩት መስማት የማይፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም ቅር አይለኝም። ሃሪ ኮል የሳንፍራንሲስኮ ሰው ነው። ሙያው የሰውን ንግግር በድብቅ መቅዳት ነው። በአማርኛ ለዚህ ሥራ «ጆሮ ጠቢ» ከሚለው የተሻለ ቃል የለንም፤ ቃሉ ራሱ ሰውነትን የሚቀፍ ነገር አለው። ሃሪ ግን እንደኛ አገሩ ጆሮ ጠቢ በጠጅ ቤት ጥግ የሚያደባ ሳይሆን ባለሙያ ነው፤ መሣሪያውን በገዛ እጁ ይሠራል። አንድ የትልቅ ድርጅት ባለቤት ቀጥሮት በምሳ ሰዓት በዩኒየን አደባባይ የሚዘዋወሩ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ የሚባባሉትን ይቀዳል። ሥራው ቀላል አይደለም። አደባባዩ በሕዝብ ተጨናንቋል፤ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ ሁለቱ ሰዎችም ሆን ብለው ክብ እየዞሩ ይሄዳሉ። ሃሪ በሁለት ወገን ከሩቅ የሚያነጣጥሩ ማይክሮፎኖች አቁሟል። ሦስተኛውን ደግሞ የዕቃ መያዣ ከረጢት ያንጠለጠለ ሰው ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል።

ፊልሙ የሚጀምረው ከላይ ከሰማይ ነው። ካሜራው አደባባዩን ቁልቁል እያየ ቀስ እያለ ይጠጋል። የምንሰማው የሙዚቃ ጩኸት፣ የሰው ጫጫታና የእግር ኮቴ ነው። በመሐሉ አንድ እንግዳ ነገር ይገባል፤ የተጨማደደ፣ የተንተባተበ፣ የብረት ጣዕም ያለው ድምፅ። የሲኒማ ቤቱ ማጉያ የተበላሸ ይመስላል። በኋላ ነው የሚገባን፤ ለካ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የምናዳምጠው በራሳችን ጆሮ ሳይሆን በሃሪ ማይክሮፎን ነበር። ማንም ሳይነግረን ጆሮ ጠቢ ሆነን ተቀምጠናል። በምስል ይህን ማድረግ ብዙ ማብራሪያ ይጠይቅ ነበር፤ ድምፁ በግማሽ ደቂቃ ጨረሰው።

ቀጥሎ ሃሪ ወደ መጋዘኑ ይሄድና ሦስቱን ክሮች በሦስት ማጫወቻ ላይ ያደርጋቸዋል። አንዱ ላይ የጠፋውን ቃል ከሌላው ይፈልጋል፤ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ያደርጋል፤ ወደኋላ ይመልሳል፤ እንደገና ያስኬዳል። ወንድየው አንድ ነገር ሲናገር ከበሮው ይውጠዋል። ሃሪ ራሱ በሠራት መሣሪያ ከበሮውን ገፎ ከሥሩ አንዲት ዐረፍተ ነገር ያወጣል። በእኔ እምነት የሲኒማ ድምፅ ሥራ ምን እንደሆነ ከዚህ ትዕይንት የተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም። ፊልም ተቀርጾ ካለቀ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ይኸው ነውና። የተዋናዩ ድምፅ በአንድ ክር፣ ኮቴው በሌላ፣ የመንገዱ ጫጫታ በሌላ፣ ሙዚቃው በሌላ ይሆናል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የቱ እንዲሰማ የቱ እንዲደበቅ ይወስናል። ተመልካች የሚሰማው ዓለም ያ ሰው የፈቀደለትን ያህል ነው።

ያ ሰው በዚህ ፊልም ላይ ዋልተር መርች ይባላል። ኮፖላ ቀረጻውን እንደጨረሰ «ጎድፋዘር» ክፍል ሁለትን ለመሥራት ሄደ። ያልተቀረጹ ትዕይንቶች እያሉ የቀረውን ለመርችና ለሪቻርድ ቹ ትቶላቸው ነው የሄደው። መርች እስከዚያ ጊዜ የድምፅ ሰው ነበር፤ የአንድ ሙሉ ፊልም ምስል ሲያቀናብር ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለ ድምፅ ሠራተኛ የሚናገር ፊልም በድምፅ ሠራተኛ እጅ መግባቱ የአጋጣሚ ሎተሪ ነው። ሥራውን እየሠራ ሳለም አንድ ነገር አስተዋለ። ምስሉን ልቁረጥ ብሎ የሚወስንበት ቦታና ሃክማን ዐይኑን ጨፈን የሚያደርግበት ቅጽበት በተደጋጋሚ ይገጣጠማሉ። ሰው አንድ ሐሳብ ሲጨርስ ዐይኑን ያርገበግባል የሚለው አስተያየቱ የመጣው ከዚህ ነው፤ ኋላም ስለ ፊልም ቅንብር ለጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ርእስ ሆኖለታል።

ሁሉም ግን ማር አይደለም። ሃሪ በጭጋግ በተሸፈነ መናፈሻ ውስጥ ሴትየዋን እየተከተለ ስለ ልጅነቱ የሚለፈልፍበት የሕልም ትዕይንት እኔን ሁልጊዜ ያሰለቸኛል። አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው በድንገት የነፍስ ታሪኩን ሲዘረግፍ ደራሲው ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ይመስላል። ምክንያቱ አለው። ትዕይንቱ በመጀመሪያ የተቀረጸው ሕልም እንዲሆን ሳይሆን እውነተኛ ክትትል እንዲሆን ነው፤ ተከታዩ ስላልተቀረጸ አቀናባሪዎቹ ሕልም አድርገው አስገቡት። ብልሃት ነው፤ ስፌቱ ግን ይታያል። በአደባባዩ ላይ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ መንገደኛውን ሁሉ የሚቀዳው አስመሳይም ቢሆን፣ «እዩኝ፣ ምሳሌ ነኝ» እያለ ይጮኻል።

የዘመኑ ወሬ ደግሞ ለፊልሙ ሳይፈልግ ነጋሪት ጎሰመለት። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቢሮው የሚነገረውን ሁሉ በቴፕ ያስቀዳ እንደነበር ዓለም የሰማው በሐምሌ 1973፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቴፖቹ በአንዱ ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ያህል መጥፋቱ ታወቀ። ፊልሙ በሚያዝያ 1974 ሲታይ ሰው ሁሉ ስለ ዋተርጌት የተሠራ መሰለው። አይደለም። ኮፖላ ሐሳቡን የጀመረው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ስለ ፒያኖዋ አንድ ነገር ሳልል ላልፍ አልችልም። ዴቪድ ሻየር የደረሳት ዜማ ብቸኛ ሰው ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ይመስላል፤ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ ረጅም ጊዜ ትጠፋለች። ስትጠፋ የመጋዘኑ ባዶነት ይሰማል፤ የቴፑ ሽክርክሪት፣ የብረት በሩ። በእኛ አገር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቪዲዮ የተሠሩ ስንት ፊልሞች አየሁ፤ በብዙዎቹ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ርእስ እስከ መጨረሻው ስም ዝርዝር አያባራም። ልጅቷ ስታለቅስ ቫዮሊን፣ ልጁ ሲያኮርፍ ቫዮሊን፣ እናትየዋ ቡና ስታፈላ ያው ቫዮሊን። ሲኒው ሲንኳኳ፣ ረከቦቱ ሲጎተት መስማት የሚፈልግ ተመልካች ያለ አይመስላቸውም። አንዳንዱ አዘጋጅ ይህን የሚያደርገው በቀረጻ ጊዜ የተበላሸ ድምፅ ለመሸፈን እንደሆነ እገምታለሁ፤ ችግሩ ይገባኛል። ግን ቁስል በጨርቅ ሲሸፈን ይመረቅዛል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። ከበሮው ሥር ተደብቃ የነበረችው ዐረፍተ ነገር ትርጉሟ «ዕድሉን ቢያገኝ ይገድለናል» ነው። ወንድየው ለሴትየዋ የሚነግራት ስለ አሠሪው፣ ማለትም ስለ ሴትየዋ ባል ነው። ሃሪ ይህን ሲሰማ ይርዳል። ከዚህ ቀደም በኒውዮርክ በቀዳው ቴፕ ምክንያት ሦስት ሰዎች ተገድለዋል፤ እሱም የሚጸልይ፣ ንስሐ የሚገባ ካቶሊክ ነው። ዳግመኛ ደም በእጄ እንዳይሆን ብሎ ክሮቹን ላለማስረከብ ይሞክራል። አንድ ሌሊት ከእሱ ጋር ያደረች ሴት ሰርቃ ትወስድበታለች። ሁለቱ ፍቅረኞች ሊገናኙ የተቀጣጠሩበት ሆቴል ይሄድና ከ773 ቁጥር ጎን ያለውን ክፍል ይከራያል። በመታጠቢያ ቤቱ የቧንቧ ቀዳዳ በኩል ማይክሮፎን ያስገባል። ጠብ ይሰማል፤ ጩኸት ይሰማል፤ በደም የተጨማለቀ እጅ በመስተዋቱ ላይ ሲንሸራተት ያያል። ያ በድምፅ የተካነ ሰው ያን ጊዜ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ይከፍትና ብርድ ልብሱ ውስጥ ይደበቃል።

የሞተችው ሴትየዋ አይደለችም። ባልየው ነው። ገዳዮቹ ፍቅረኞቹ ናቸው። ሃሪ ይህን ሲረዳ ያች ዐረፍተ ነገር በጆሮው ታቃጭላለች፤ ግን እንደ በፊቱ አይደለችም። በፊልሙ ውስጥ ደጋግመን ስንሰማት የነበረው የድምፁ ክብደት «ይገድለናል» በሚለው ላይ ወድቆ ነው፤ የፈራ ሰው ድምፅ። አሁን ክብደቱ «እኛን» በሚለው ላይ ወድቋል። ዕድሉን ቢያገኝ *እኛን* ይገድለን ነበር፤ ስለዚህ እንቅደመው። አንዲት ቃል ጠንከር ብላ በመነገሯ ምስኪኖቹ ገዳዮች ሆኑ።

እነሆ ክርክሩ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ቅጂ አይደሉም። በአደባባዩ ላይ የተቀዳው ድምፅ ስለተበላሸ መርች ሁለቱን ተዋንያን፣ ፍሬድሪክ ፎረስትንና ሲንዲ ዊልያምስን፣ ጸጥ ወዳለ መናፈሻ ወስዶ እየተራመዱ ንግግራቸውን ደጋግመው እንዲሉት አደረገ። ፎረስት ከእነዚያ በአንዱ ላይ ክብደቱን «እኛን» ላይ ጣለው። መርች ተሳስቷል ብሎ ወደ ጎን አኖረው። ከብዙ ወራት በኋላ የመጨረሻውን የድምፅ ድብልቅ ሲሠራ ያ የተጣለ ቅጂ ትዝ አለው፤ አውጥቶም መጨረሻው ላይ አስገባው። ኮፖላ ሰምቶ ተቀበለው።

የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ማጉረምረሙ አይቀርም። ጨዋታው ሕግ አለው፤ ማስረጃው ለአንባቢ አንዴ ከታየ በኋላ አይለወጥም። ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ ነበር ብሎ ጽፎ በመጨረሻው ገጽ «አይ፣ አልጋው ሥር ነበር» የሚል ደራሲ ይወገዛል። መርች ማስረጃውን ለውጧል። ቴፑን አጠገብ ላጠገብ ያስኬደ ተመልካች ማታለሉን እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል።

በበኩሌ ግን ለመርች እቆማለሁ። ያችን ዐረፍተ ነገር በአደባባዩ አልሰማናትም፤ ከበሮው ውጧት ነበር። መጀመሪያ የሰማናት ሃሪ በመጋዘኑ ውስጥ በመሣሪያው ጨምቆ ካወጣት በኋላ ነው። ስለዚህ የሰማነው የተባለውን ሳይሆን ሃሪ የሰማውን ነው። ሃሪ ደግሞ የኒውዮርክ ሦስት አስከሬኖች በልቡ ያሉበት ሰው ነው፤ ፍርሃት ፈልጎ ፍርሃት ሰማ። ይህ መከራከሪያ ፈጽሞ ቀዳዳ የለውም አልልም። ቴፑ ሲጫወት በመጋዘኑ ሌሎችም ሰዎች የነበሩበት ጊዜ አለ፤ እነሱ ምን ሰሙ ቢባል መልስ የለኝም። ሆኖም ፊልሙ ውስጥ ሃሪ ለረዳቱ የሚነግረውን አስታውሱ፤ ሰዎቹ ስለሚያወሩት ነገር ግድ የለኝም፣ የምፈልገው የጠራ ቅጂ ነው ይለዋል። የጠራ ቅጂም አገኘ። እያንዳንዱን ፊደል አጽድቶ አወጣ፤ ትርጉሙን ግን አልሰማም። መርች ይህን ለማሳየት ሌላ መንገድ ነበረው ወይ? ያንኑ አንድ ቅጂ ቢደግምልን ኖሮ ሃሪ ተሳሳተ የሚል ወሬ በነገረን ነበር። አሁን ግን ስሕተቱን በገዛ ጆሯችን ሠርተነዋል። ይህ ጭብጥ ያጎደለ ማታለል ሳይሆን ጭብጡ ራሱ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ልዩነቱን ለጆሮ ትቶታል። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ በዪው ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የሚበላው ምግቡ ነው። ከዚህ ፊልም ጋር ተወልዶ ያደገ የሚመስለው ግን «ይሰማል» የሚለው ቃል ነው። ላልቶ ሲነበብ እሱ ሌላውን ያዳምጣል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ እሱ ራሱ ይደመጣል። ፊደሉ ያው ነው። ሃሪ ኮል ፊልሙን የሚጀምረው ላልቶ ነው። በመጨረሻ ስልክ ይደወልለትና እናዳምጥሃለን ይባላል፤ ማስረጃ እንዲሆንም አሁን አሁን ክፍሉ ውስጥ ሲነፋው የነበረውን ሳክስፎን መልሰው ያሰሙታል። የተደበቀውን ማይክሮፎን ፍለጋ ግድግዳውን ይልጣል፤ ወለሉን ይነቅላል፤ የእመቤታችንን ሐውልት ሳይቀር ይሰብራል። አያገኘውም። ጠብቆ ተነበበ ማለት ነው።

ቅኔ ያየ ጆሮም አንድ ቃል ሁለት ልብ ሊኖረው እንደሚችል ያውቃል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሳተ ሰው ሲሳቅበት ኖሯልና። የሃሪ ውድቀት የዚህ ዓይነት ነው።

ግን ፊልሙን ወደ አማርኛ መመለስ ቢያስፈልግስ? ነገሩ እንዲያው የሚቀልድ ጥያቄ አይደለም። ከ2016 ወዲህ የቱርክና የሌላ አገር ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ተቀርጸው በየሳሎናችን ሲገቡ አይተናል፤ ድምፅን መተካት በእኛ አገር ሙያ ሆኗል። እንግሊዝኛው ውስጥ «እኛን» የሚለው ቃል ራሱን ችሎ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ ሊጫንበት ይችላል። በአማርኛ «ይገድለናል» ስንል ግን «እኛ» በግሡ ሆድ ውስጥ፣ «ና» በምትለው ፊደል ተሸጉጣለች። ጫን ልበላት ቢሉ አትጨበጥም። «የሚገድለው እኛን ነው» ብሎ ማውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ተመልካቹ አንድ ዐረፍተ ነገር በሁለት ልብ መስማቱ ቀርቶ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሰማ ማለት ነው፤ አንዱን ተርጓሚው ተሳስቷል ብሎ ያልፈዋል። ከሥር በጽሑፍ ማስነበብም አይበጅም፤ ጽሑፍ ድምፅ አይጭንም፤ ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ቃል በሰያፍ ፊደል ይለዩታል፤ የእኛ ፊደል ያ ልማድ የለውም።

በአማርኛ ከተተረጎሙት ድራማዎች ጋር ያለኝ ቅሬታ በድምፅ ተዋንያኑ ላይ አይደለም፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። ቅሬታዬ ድምፃቸው ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ሰውየው ተራራ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ የምንሰማው ግን አፉ ማይክሮፎን ላይ የተለጠፈ፣ በስፖንጅ በታሸገች ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ሳሎን ውስጥም፣ መኪና ውስጥም፣ መቃብር ቦታም ያው ነው። መርች በ1973 «አሜሪካን ግራፊቲ» ላይ ለዚህ መላ ነበረው። በፊልሙ ሌሊቱን ሙሉ ከየመኪናው ሬዲዮ የሚሰሙትን ዘፈኖች ከሸክላው እንደወረዱ አልተጠቀመባቸውም። እሱና የፊልሙ አዘጋጅ ጆርጅ ሉካስ ጓሮ ወጥተው አንዱ ማጉያ፣ ሌላው ማይክሮፎን ይዘው ወዲያ ወዲህ እያዞሩ እንደገና ቀዷቸው። ዘፈኑ በቤቶች መካከል ያለውን አየር ይዞ ተመለሰ። ለዚህ ሥራ አንድ ጓሮና የሁለት ሰው ትዕግሥት በቂ ነው፤ ገንዘብ የለም የሚባለው ሰበብ እዚህ ላይ ውኃ አያነሣም።

እኔ «ጭውውቱ»ን በአማርኛ አዘጋጅ ብባል ዐረፍተ ነገሯን «እሱ እኮ ዕድሉን ቢያገኝ እኛን ይገድለናል» አደርጋት ነበር። ትንሽ ትደጋግማለች፤ ግን በአፍ ንግግር እንዲህ እንላለን። «እኛን» ከመጀመሪያው እዚያው ትኖራለች፤ በጥድፊያ ካለፏት አትሰማም፤ ከእሷ ቀጥሎ ትንፋሽ ከወሰዱ ደግሞ ሁሉን ትገለብጣለች። ተዋናዩን ከስቱዲዮ አውጥቼ አንድ ገላጣ ሜዳ ላይ ከተዋናይቷ ጎን ለጎን አስኬዳቸዋለሁ። መጨረሻውን ሳልነግረው አሥር ጊዜ አስብለዋለሁ። ከአሥሩ አንዷን «ይቺ አልሆነችም» ይለኛል። እሷን ለብቻ ጽፌ አኖራለሁ።